ግራ እግር

ስኳሩ ከጣቱ ጀመረ፣ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወጣ፤
የፕሮስፐር ግራ እግር ከመሬት ወሬ የሚሰማበትን ጆሮ አጣ።
ሚስማር ቢወጋው አይናገር፣ ጫማ ቢጠበው አይከስ፤
ማርሹ ደግሞ በግራ ነው፤ ቀኝ እግር ተሻግሮ አይደርስ።

ዲሞና፣ ከጋራዡ ጓሮ፣ ሸራ ለብሳ ከረመች፤
ሦስት መቶ ኪሎ ትመዝናለች፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ጥቁር ነች።
በመጋቢት ቁልፏን ወረወረልኝ፣ ከቅባት ጨርቁ ጋራ፦
«አንቺ ንጂ። እኔ ከኋላ ሆኜ እግርሽን ልምራ።»

እናትነሽ ማለት ይከብደዋል። ስሜን ከወገቡ ቆርጦ
«ናት» ይለኛል፣ ከመሳቢያው አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ መርጦ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ናት። ማን ናት? ምን ናት? ሳይል፤
እሱ የት ያውቃል፣ ባለቤት ያጣ ግስ ጆሮ እንደሚያቆስል።

«ዙር ቆጣሪ የላትም» አለኝ። «ያለሽ ጆሮ ነው፤ ጆሮና መቀመጫ።»
እኔ የሰማሁት ሁለት ዘነዘና ነበር፣ ተራ ሳይጠባበቁ በአንድ ሙቀጫ፦
ዱብ-ዱብ… ዱብ።
ዱብ-ዱብ… ዱብ።
አንዷ ቸኩላ፣ አንዷ ዘግይታ፤ እህሉ ግን ይደቃል።
እኩል ምቺ ማን አላት? ያልተስተካከለ ልብም ደሙን ያዳርሳል።

«ቁጥር ስጠኝ» አልኩት፤ «ሁለተኛ አርባ ላይ? ሦስተኛ ስድሳ?»
«ቁጥሩን ለትራፊክ ተዪለት» አለኝ፣ ከጥፍሩ ሥር ጥቁር ዘይት እያነሳ።

አንዴ ጀርባዬን ሲነካኝ ወደ ላይ፣ ሁለቴ ሲነካኝ ወደ ታች።
ፈርቼ ቶሎ ሰቀልኳት፤ አራተኛ ላይ፣ በአርባ፣ ተንቀጠቀጠች፤
ሰንሰለቷ ተንገጫገጨ፣ መሪው መዳፌ ውስጥ ታመሰ።
በማግሥቱ ደግሞ አቆየኋት፤ አንደኛ ላይ ጮኸች፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አለቀሰ።

«ስታቃስት ቸኩለሻል። ስትጮህ ዘግይተሻል።
ሰው ሊናገር ሲል ትንፋሽ ይስብ የለ? ያኔ ነው፤ ቃሉ ከወጣ አልፏል።»

በሰኔ ወደ ዓረባ ወረድን።
ከፊታችን ፎስፌት የጫነ መኪና፣
የተቃጠለ ፍሬን የሚሸት፣ አቧራውን ለእኛ የሚያወርስ፤
ከታች ጨዉ ነጭ ብሎ ይታያል፣ ያልደረቀ ኖራ እስኪመስል ድረስ።
መታጠፊያው መጣ። ጣቱን ጠበቅሁ፤ ሁለቴ።
አልመጣም።
አንድ ትንፋሽ ለሚያህል ጊዜ ጀርባዬ የማንም አልነበረም።

ፍሪሲዮን። ጋዝ በትንሹ። ሦስተኛ። እንደገና። ሁለተኛ፤
ሁለቱ ዘነዘና ቁልቁለቱን ከሥር ያዙልኝ፣ እንደ ብርቱ ጓደኛ።
ከመግባቴ በፊት ነበር፤ ከገቡ ወዲያማ ምን ዋጋ አለው።
ከወጣን በኋላ ጣቱ ደረሰ፤ አንዴ ነካኝ፣ ሁለተኛውን መሃል ላይ ተወው።

ባሕሩ ዳር፣ ቤንዚን የሚቀዳው ልጅ ሰልባትዮዋን እየዳበሰ
«የማን ናት?» አለ። ፕሮስፐር ሄልሜቱን አውልቆ ላቡን አበሰ።
«የናት» አለው።
መልሱ ይኸው ነው። በእኛ አፍ ሲሰማ የእናት ይሆናል፣ የማንም፤
ግሱ ግን ያን ቀን ባለቤት ነበረው፣ ከእኔ በቀር ሰሚ ባይኖርም።

ሊወርድ ሲል እግሩ ቀረ። በሁለት እጄ አነሣሁት ከመርገጫው፤
እንደ ሰው ዕቃ ተጠንቅቄ አስፋልቱ ላይ አስቀመጥኩት ከነጫማው።
«ይሞቃል?» አለኝ።
ሞተሩን ዳሰስ አድርጌ «ልኩ ነው» አልኩት።
እሱ የሚያየው ወደ እግሩ ነበር።